የተበታተኑት የላብራቶሪ ወረቀቶች ይደመሩልን፦ ስለ አንጀት ብግነት ከጎጃም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ በጎጃም ላሉ የዞን ጤና መምሪያዎች፣ ለየሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተሮች፣ እንዲሁም ሆዱን ይዞ ለሚንከራተት ወጣትና ለቤተሰቡ

ጉዳዩ፦ ተቅማጡ ከ4 ሳምንት ያለፈ ሰው በአሜባ መድኃኒት ብቻ እየተሸኘ እንዳይቀር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሰራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሀኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም፣ ግን ሆዴን አመመኝ ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በኔ መስኮት ነው ሚያልፈው፣ እና እዚች መስኮት ጋ ተቀምጬ ደጋግሜ የማየው አንድ ውጤት አለ፣ ስለሱ ነው በአደባባይ የምጽፍላችሁ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ሰገራ ሲመጣልን ትንሽ ወስደን መስታወት ላይ በሳላይን በጥብጠን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ተውሳክ ካላገኘን ወረቀቱ ላይ ኖ ኦፒ ሲን ብለን እንጽፋለን። ነጭ የደም ሴል (መግል) በብዛት ካየን ሜኒ ፐስ ሴል እንላለን፣ ቀይ የደም ሴልም ካለ እሱንም እንጨምራለን። እነዚህ አንድ ወረቀት ላይ አብረው ሲመጡ፣ ማለትም ተውሳክ የለም ግን መግልና ደም አለ ሲል፣ አንጀቱ ተቆጥቷል ያስቆጣውን ግን አላገኘሁትም ማለቴ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አያስደነግጥም። ሺጌላ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ በኛ ማይክሮስኮፕ ተለይተው አይታወቁም ካልቸር ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት ይፈልጋሉ፣ ደግሞ አብዛኞቹ በሳምንት አካባቢ ያልፋሉ። እኔን እንቅልፍ ሚነሳኝ ያው ወጣት ያንኑ ውጤት ይዞ ከወር በኋላ ሲመለስ ነው፣ ከዛ ክረምት ሲገባ፣ ከዛ ደግሞ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሁልጊዜ የሚያየው ባለሙያ ሌላ ነው፣ ሁልጊዜ አዲስ ወረቀት ነው፣ መድኃኒቱ ግን ሁልጊዜ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው የአሜባ መድኃኒት ነው፣ ካልሆነ መሰሉ ቲኒዳዞል፣ ካልሆነ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ። ትንሽ ይሻለዋል፣ ወይም የተሻለው ይመስለዋል፣ ከዛ ይመለስበታል።

ከነዚህ ሰዎች ውስጥ የተወሰኑት ያለባቸው አይቢዲ የሚባለው የቆየ የአንጀት ብግነት ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለው፣ አንዱ ክሮንስ ነው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ቦታ ሊወጣ ይችላል በብዛት ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው ሚያርፈው፣ የአንጀቱን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ይበላዋል። ሌላው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነው፣ እሱ ትልቁ አንጀት ላይ ብቻ ነው፣ ከፊንጢጣው ጫፍ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚያቆስለውም የውስጡን ሽፋን ነው። ሁለቱም ጋር የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ቆጥሮ መውጋቱን አያቆምም። በርበሬ አያመጣውም፣ ጾም አያመጣውም፣ ቡዳም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በብዛት የሚጀምረው ደግሞ ከ15 እስከ 35 ዓመት ባለው እድሜ ነው፣ ማለትም ሰው ትምህርቱን ሚጨርስበት ስራ ሚይዝበት ትዳር ሚመሰርትበት ጊዜ ላይ።

ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው እኛ ጋ የለም ሚባለውን ነገር እባካችሁ እንተወው። ክሮንስም ኮላይተስም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ታይተዋል ታክመዋል። እስያና ደቡብ አሜሪካ ውስጥም አፍሪካ ውስጥም ባሉ ኑሯቸው በፍጥነት እየተቀየረ ባሉ አገሮች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቁጥሩ እየጨመረ መሆኑ ተጽፏል። እኛ ጋ ብርቅ ነው ከተባለም፣ ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ ማየት) ባልተነሳበትና ከአንጀቱ ናሙና ባልተወሰደበት ቦታ ብርቅ ሆኖ መታየቱ ምን ይገርማል?

አንድ ልጅ ነበር። ስሙንም ወረዳውንም የታከመበትንም ቦታ አልጠቅስም። ተማሪ ነው፣ ከናቱ ጋር ነበር ሚመጣው፣ እናቱ እኔንም ነጭ ጋውን ስላየችብኝ ዶክተር ነው ምትለኝ፣ «ዶክተር፣ ያ አሜባ ዛሬም አለ?» ትለኛለች። የለም እላታለሁ፣ ታዲያ ምንድነው ሚያመው ትላለች፣ እሱን እኔ መናገር አልችልም ወደ ውስጥ ግቡ እላታለሁ። ልጁ እየከሳ ሄደ። ጎረቤት በሹክሹክታ ቫይረሱ ነው አለ፣ ተመረመረ የለበትም። ኮሶ አጠጡት። ጠበል ሄደ፣ ጠበሉን አልቃወምም እኔም እጠመቃለሁ፣ ግን ከጠበሉ ጋር ምርመራውም ይቀጥል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ይወስድ ነበር፣ የመገጣጠሚያ ህመሙ ግን ያው የአንጀቱ በሽታ ያመጣው ነው፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ እንዲህ ያለ አንጀት ላይ ሲወሰዱ በሽታውን ሊያባብሱት ይችላሉ። ከዛ መቀመጫው አጠገብ እብጠት ወጣበት፣ ኪንታሮት ነው ተብሎ የባህል መድኃኒት አዋቂ ጋ ተወሰደ፣ እሱ እንኳ ባይነካው ይሻል ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ሆዱ ተነፍቶ ማስመለስ ጀመረና ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት፣ አንጀቱ ተዘግቷል፣ ተቆርጦ ወጣ። የተቆረጠው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ክሮንስ ነው።

እናቱ ያን ሁሉ ጊዜ የተሰጣትን ወረቀት አልጣለችም ነበር፣ በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች። ሀኪሙ ፌስታሉን ፈትቶ በቀን በቀኑ ደርድሮ ሲያየው ሁሉም ነገር እዛ ውስጥ ነበር፣ ተውሳክ የሌለበት መግል ደጋግሞ፣ ሄሞግሎቢን እየወረደ፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ከልክ አልፎ ከ450 ሺህ በላይ፣ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ኢኤስአር ከፍ ያለ፣ ክብደቱ ትሪያጅ ላይ በተጻፈ ቁጥር እየቀነሰ። አንዱንም ወረቀት ለብቻው ብታዩት ለዛ ቀን የተሰጠው ህክምና ብዙ ሚያስወቅስ አይደለም። ለዚህ ነው ማንንም ሰው መክሰስ የማልፈልገው። የጎደለው የሚደምረው ሰው ነው፣ መደመር ያለበት ደግሞ አሰራር ነው እንጂ የአንዲት እናት ፌስታል መሆን አልነበረበትም።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዴንማርክ ውስጥ ተመራማሪዎች በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት አለ፣ ክሮንስና ኮላይተስ የተገኘባቸውን ሰዎች ወደኋላ ሄደው ከዛ በፊት በተራ ክሊኒክ የተሰሩላቸውን ተራ የደም ምርመራዎች ሰበሰቡ፣ እና ያገኙት ምንድነው፣ ክሮንስ ያለባቸው ሰዎች ደም በሽታው ስም ከማግኘቱ እስከ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ከጤነኛው ሰው መለየት ጀምሮ ነበር፣ ኮላይተስ ያለባቸው ደግሞ እስከ 3 ዓመት። ልዩነቱ በአንድ ወረቀት ላይ ትንሽ ነው፣ አይን አይገባም፣ በዓመታት ውስጥ ሲደረደር ግን ይታያል። አሜሪካ ውስጥም ለወታደሮች ተብሎ ለዓመታት ተቀምጦ የነበረ የደም ናሙና ተመርምሮ ከ5 ዓመት በፊት ጀምሮ ክሮንስን ሚጠቁሙ ፕሮቲኖችና ፀረ እንግዳ አካላት ተገኝተውበታል። ካናዳ ደግሞ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወንድማቸው ወይም እህታቸው ወይም ወላጃቸው ክሮንስ ያለባቸውን ጤነኛ ሰዎች መዝግበው ማን ላይ እንደሚጀምር እየተከታተሉ ነው። እኛ እዛ ድረስ እንሂድ አላልኩም። ዴንማርኮች ይሄን ማየት የቻሉት ግን እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ስላለውና የትም ቢመረመር ውጤቱ እዛ ቁጥር ስር ስለሚገባ ነው፣ እኛ ጋ ሰው ካርዱ ከጠፋበት ካርድ ክፍል አዲስ ያወጡለታል፣ ያለፈው ሁሉ እዛው ይቀራል።

አሁን ስለ አሜባ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ዋናው መሰናክል እሱ ነው። እኛ በማይክሮስኮፕ ምናየው የአሜባ ሲስት በሽታ አምጪው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ ይሁን ወይስ እሱን መሳዩና ጉዳት የሌለው ኢንታሜባ ዲስፓር በመልክ መለየት አይቻልም፣ የሁለቱ መልክ አንድ ነው። ተንቀሳቃሹ ቀይ የደም ሴል ውጦ ከታየ ነው በእርግጠኝነት ሚባለው፣ እሱን ለማየት ደግሞ ፈሳሹ ሰገራ በወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፣ ሰው ግን ከቤቱ በብልቃጥ ይዞ ከገጠር ተጉዞ ነው ሚመጣው። በዛ ላይ መግልና ማክሮፋጅ የተባለው ሴል ለደከመ አይን አሜባ ይመስላል። በገበያ ቀን ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ሚሰራ ሰው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አሜባ ተብሎ የታከመ ሰው ሁሉ አሜባ አለበት ማለት አይደለም፣ መድኃኒቱን በትክክል ጨርሶ ያልተሻለው ደግሞ መድኃኒቱ እስኪሰራ ድረስ እየተደገመ ሊሰጠው አይገባም። ለዚህ የአሜባውን የራሱን ፕሮቲን የሚፈልግ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ አለ፣ ቢያንስ ሆስፒታል ደረጃ ቢገባልን ግማሹ ጥርጣሬ ይቃለል ነበር።

ኪንታሮቱም እንደዛው ነው። ከመቀመጫ ደም ያየ ሰው ሁሉ ኪንታሮት ነው ይባላል፣ ራሱም ያፍራል፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ለናቷ እንኳ አትናገርም። ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ከሰገራው መጨረሻ ላይ ጠብ የሚል ንጹህ ቀይ ደም ነው፣ ደሙ ከንፍጥ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ፣ ሰውየው ቶሎ ቶሎ እያጣደፈው ሄዶ ትንሽ ብቻ ከወጣው፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ካስሮጠው፣ ያ ኪንታሮት አይመስልም። ሌሊት የሚቀሰቅስ ተቅማጥ መቼም ጥሩ ምልክት አይደለም።

ሦስተኛው መሰናክል ቲቢ ነው፣ ይሄን ስጽፍ በጣም ተጠንቅቄ ነው። እኛ ጋ ቲቢ አለ፣ የአንጀት ቲቢ ደግሞ ከክሮንስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፣ የሚያርፉበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። በ1932 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል እነ ዶክተር በሪል ክሮን ስለ 14 ታማሚዎች ጽፈው በሽታውን ለዓለም ሲያስተዋውቁ ያዩት ነገር ቲቢ መስሎ ቲቢ ያልሆነ ነበር፣ ይሄው እስከ ዛሬም ቲቢ ባለበት አገር ሀኪሞችን የሚፈትነው እሱ ነው። ቲቢ ሆኖ ሳለ ክሮንስ ነው ተብሎ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ ግን የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) ከተሰጠው ቲቢው ይቀጣጠላል። ክሮንስ ሆኖ ሳለ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ከጀመረ 6 ወር ሙሉ አንጀቱ እየተበላ ይቆያል። ስለዚህ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂም፣ የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርትም መታየት አለበት፣ ጂን ኤክስፐርት የአንጀት ናሙና ላይ ኔጌቲቭ ቢልም ቲቢ የለም ማለት አይደለም፣ የደረት ራጅ መነሳት አለበት፣ ተጠርጥሮ የቲቢ መድኃኒት ከተጀመረም 2 እና 3 ወር ላይ ተሽሎታል ወይ ተብሎ ዳግም መታየት አለበት እንጂ 6 ወሩ እስኪያልቅ ዝም መባል የለበትም። ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አሜባና ስትሮንጂሎይድስ በደንብ ይፈተሹ፣ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በተራው የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠናል፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ላይ ግን መላ ሰውነቱን ወሮ ሊገድል ይችላል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ኮሎኖስኮፒ ይነሳ ልል ነው? አይደለም፣ አይቻልምም። እዚህ ጋ ነው ካልፕሮቴክቲን ሚባለውን የሰገራ ምርመራ የማነሳው። ካልፕሮቴክቲን ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ በብዛት ያለ ፕሮቲን ነው፣ አንጀት ሲቆጣ ኒውትሮፊሎች እዛ ይጎርፋሉ፣ ፕሮቲኑም ከሰገራ ጋር ይወጣል። ውጤቱ በግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ሆዱን የሚያመው በሌላ ምክንያት ነው፣ አይቢዲ የመሆን እድሉ በጣም ትንሽ ነው፣ ያ ሰው ኮሎኖስኮፒ ፍለጋ በሬውን መሸጥ የለበትም። ከ250 በላይ ከሆነ አንጀቱ በእርግጥ ተቆጥቷልና ይታይ። በመሀል ያለው ደግሞ ከተወሰነ ሳምንት በኋላ ይደገም። እንግሊዞች ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የሆድ ሕመሙ የአንጀት ብግነት ይሁን ወይስ አንጀት መቆጣት የሌለበት የሆድ መታወክ ለመለየት እንዲጠቀሙበት መመሪያ አውጥተዋል።

የኛ ሁኔታ ግን ከእንግሊዝ ይለያል፣ ይሄን ካልተናገርኩ ማሳሳት ይሆንብኛል። ካልፕሮቴክቲን መቆጣቱን እንጂ ማን እንዳስቆጣው አይናገርም፣ በሺጌላም ይጨምራል በአሜባም በአንጀት ቲቢም በካንሰርም፣ ዳይክሎፌናክ በሚወስድ ሰው ላይም ይጨምራል። ስለዚህ እኛ ጋ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይታከም፣ የህመም ማስታገሻው ይቁም፣ ከዛ ይለካ፣ ከፍ ካለም ይደገም። እንደዛ ከተሰራ በኔ እምነት ለጎጃም ከማንም በላይ ሚጠቅም ምርመራ ነው፣ ምክንያቱም የሚፈልገው ትንሽ ሰገራ ነው፣ ናሙናው ሳይበላሽ 3 ቀን ያህል ይቆያል፣ ኢላይዛ በሚባለው የላብራቶሪ ዘዴ ይሰራል፣ እንደ እርግዝና ምርመራ በካሴት ሚሰራም አለ። የቲቢ አክታ በፖስታ ቤት በኩል ወደ ትልቅ ላብራቶሪ እየተላከ ይመረመር የለ እንዴ፣ በዛው መንገድ የአንድ ወጣት ሰገራ ከቢቸና ወይ ከሞጣ ወይ ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ ወይ ባህር ዳር የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ እንኳ ሰውየውን ከማመላለስ ናሙናውን መላክ ይቀላል።

ለምን ቶሎ ትሉኝ ይሆናል፣ በሽታው ካልዳነ ዛሬም ቢታወቅ ነገም ቢታወቅ ያው አይደል የሚል ሰው ገጥሞኛል። ያው አይደለም። ክሮንስ ሲጀምር ቁጣ ነው፣ ቁጣ በመድኃኒት ይበርዳል፣ ሲቆይ ግን ጠባሳ ይሆንና አንጀቱን ያጠበዋል፣ ወይ ይበሳዋል፣ ጠባሳ ደግሞ በክኒን አይለሰልስም ቢላ ነው ሚፈልገው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ 386 ገና የታወቀላቸው የክሮንስ ታማሚዎች ላይ የተሰራ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ግማሾቹ ከመጀመሪያው ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን ጠንካራ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር አገኙ፣ ግማሾቹ እንደተለመደው ከቀላሉ እየጀመሩ ሲብስባቸው ብቻ ተጨመረላቸው። ከዓመት በኋላ ያለ ስቴሮይድና ያለ ኦፕሬሽን በሽታው ጋብ ብሎላቸው የቆዩት ቶሎ ከታከሙት ውስጥ 79 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ 15 በመቶ ብቻ ናቸው። ኢንፍሊክሲማብ ውድ ነው፣ ያውም የተደበቀ ቲቢ ያስነሳል ተብሎ ተመርምሮ ነው ሚሰጠው፣ ዛሬ እሱን አምጡ ብዬ አልሟገታችሁም። ግን ሰልፋሳላዚን፣ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ነው)፣ አዛታዮፕሪን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ሰልፋሳላዚን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ላይ ያለ የቆየ መድኃኒት ነው፣ ኮላይተስ ገና የአንጀቱ ጫፍ ላይ እያለ ከተያዘ ብዙ ሰው በዚህ ዓይነት መድኃኒት ብቻ ትምህርቱን ተምሮ እርሻውን አርሶ ይኖራል። ኮላይተስ ያለበት ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋትም ስላለው ምልክቱ ከጀመረ 8 ዓመት አካባቢ ጀምሮ በኮሎኖስኮፒ እየታየ ክትትል ያስፈልገዋል፣ በሽታው ስም ያልተሰጠው ሰው ግን ማን ይከታተለዋል? ልጆች ላይ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፣ አንዳንዱ ልጅ ተቅማጡ ሳይታይበት ቁመቱ ብቻ ቆሞ ይቀራል፣ እኩዮቹ ጥለውት ሲያድጉ ቤተሰብ በምግብ እጥረት ነው ሚያሳብበው፣ ያ የእድገት ዘመን ካለፈ አይመለስም።

አሁን ከናንተ የምጠይቀውን ልናገር።

መጀመሪያ አንድ ገጽ መመሪያ አውጡልን። ተቅማጡ 4 ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ተውሳክ ሳይታይ መግልና ደም ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ፣ ወይም አንድ ጊዜ በትክክል ታክሞ ካልተሻለው፣ እንደገና ሜትሮኒዳዞል እንዳይታዘዝለት፣ ይልቁንም ሲቢሲ ኢኤስአር ሲአርፒ አልቡሚን የሚባሉት የደም ምርመራዎች ይሰሩለት፣ ኤችአይቪና ቲቢ ይታይ፣ ክብደቱ ካለፈው ጋር ይወዳደር፣ ከዛ ሪፈር ይጻፍለት። ሪፈሩ ላይ የድሮ ውጤቶቹ በሙሉ በቀናቸው ይዘርዘሩ፣ «ፎር ፈርዘር ማኔጅመንት» (ለተጨማሪ ህክምና) ብቻ ተጽፎ ሚላክ ሰው እዛም ከዜሮ ነው ሚጀምረው። እኛ ላብራቶሪ ያለነውም ሬጅስተራችን ላይ ያው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ማየት እንችላለን፣ እንዲህ ያለውን ውጤት ሦስት ወር በሦስት ወር አውጥተን ለጤና መኮንኑ የምንሰጥበት ፎርም ይኑረን፣ ብዙ ወጪ የለውም፣ ፍቃድና ትእዛዝ ነው ሚፈልገው።

ካልፕሮቴክቲኑን ቢያንስ አንድ ቦታ ደብረ ማርቆስ አንድ ቦታ ባህር ዳር ጀምሩልን፣ የአማራ ህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጥራቱን ቢቆጣጠረው ደግሞ በውጤቱ እንተማመናለን። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ማለቅ የሁላችንም ቁስል ስለሆነ ከመጀመሪያው የዓመት ግዢ እቅድ ውስጥ ይግባ፣ ማሽኑ ቆሞ ኪት የለም እየተባለ የተዘጋ ስንት ነገር አይተናል።

የጤና መድንም አለ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ ሪፈር ተከትሎ ሄዶ ኮሎኖስኮፒውና ፓቶሎጂው ውጭ ነው ሚሰራው ከተባለ መድኑ እዛ ጋ ያበቃል፣ ከኪሱ ከሌለው ወደ ቤቱ ይመለሳል። እነዚህ ሁለት ምርመራዎች ለዚህ ዓይነት ታማሚ በመድኑ እንዲሸፈኑ ውል ይግባ። ኮሎኖስኮፒ የትኛው ሆስፒታል በየትኛው ቀን እንደሚሰራ ማሽኑ ሲበላሽም መበላሸቱ ለጤና ጣቢያዎች በቴሌግራም ግሩፕ እንኳ ቢነገረን ሰው ባዶ ለባዶ አይመላለስም ነበር፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ በየመንገዱ መጸዳጃ እየለመነ ለሚሄድ ተቅማጥ ላለበት ሰው መንገዱ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ለጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ትንሽ ስልጠና ይሰጥ። እነሱ ቤቱን ያውቁታል፣ የትኛዋ ልጅ እየከሳች እንደሆነ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት ቤት ሚቀረው ሆዱን ይዞ እንደሆነ ከኛ ቀድመው ያውቃሉ፣ ሚጠየቀውን ጥያቄ ቢይዙት እነሱን ሚያህል የለም።

ለቤተሰብና ለወጣቶችም ይሄን ብቻ ልበል። ተቅማጡ ወር ካለፈው፣ ደምና ንፍጥ ካያችሁ፣ ሌሊት ከቀሰቀሳችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ከሆዱ ጋር አፋችሁ ደጋግሞ ከቆሰለ ወይም አይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁ ወይም እግራችሁ ላይ የሚያም ቀይ እብጠት ከወጣ ወይም መቀመጫችሁ አካባቢ የሚመግል ነገር ከተመላለሰ፣ ለሀኪሙ ሁሉንም ባንድ ላይ ንገሩት፣ አንዱን ለጨጓራ አንዱን ለሪህ አንዱን ለኪንታሮት ከፋፍላችሁ ወደተለያየ ቦታ አትውሰዱት። በቤተሰብ ተመሳሳይ ያለበት ሰው ካለም ተናገሩ። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ተዉት፣ ክሮንስን ያብሰዋል። ለመገጣጠሚያ ህመም ዳይክሎፌናክ ከመግዛታችሁ በፊት ሆዳችሁን እንደሚያማችሁ ለመድኃኒት ቤቱ ሰው ንገሩት። የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ካርዳችሁ ቢጠፋ እንኳ ፎቶው ይኖራል፣ ሀኪም ጋ ስትገቡ ካለፈው ጀምራችሁ አሳዩት። ማፈር አያስፈልግም፣ እኛ ላብራቶሪ ያለን ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሰገራ ነው ምናየው፣ ማንንም በዚህ አንንቅም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ እቅድ ሚያዘው ግን ከዛ በፊት ነው፣ ስለዚህ መመሪያውና የካልፕሮቴክቲኑ ነገር ለሚቀጥለው ዓመት እቅድ ውስጥ ይግባልን። ይሄ አይሆንም የሚባል ነገር ካለበትም የትኛው እንደማይሆንና ለምን እንደማይሆን በደብዳቤ ይገለጽልን፣ ደብዳቤው በየጤና ጣቢያው የላብራቶሪ በር ላይ ይለጠፍ፣ ወረፋ ሚጠብቀውም ሰው እኛም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
ጎጃም ውስጥ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ